የሰው ሠራሽ ሳንባ ታማሚን የመትረፍ ዕድል ለመገመት የትኛውን ስኮር እንምረጥ? ለወሎ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ አስታማሚ የሚያቀርበው ጥያቄ ምንጊዜም አንድ ነው፤ «ዶክተር፣ ይተርፋል ወይ?» የሚል። ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድማቸውን ከደላንታ ይዘው የመጡ አንድ አዛውንትም ይህንኑ ጠየቁኝ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት አጠገባቸው የቆመው የወንድማቸው ልጅ ስልኩን አውጥቶ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከለትን ቁጥር አሳየኝና «92 ከመቶ ይተርፋል ይላል» አለኝ። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም፤ አሰላሉም ትክክል ነበር። ነገር ግን ስኮሩ (ከታማሚው ሁኔታ ነጥብ ደምሮ የወደፊቱን የሚገምተው መለኪያ) የተሠራው በሰው ሠራሽ ሳንባ፣ ማለትም በኤክሞ ላይ ለተደረጉ ታማሚዎች ነው፤ የእኛ ታማሚ የተኛው በቬንቲሌተር (በመተንፈሻ ማገዣ መሣሪያ) ላይ ሲሆን በወሎ ሆስፒታሎች ደግሞ ኤክሞ የለም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው። አንደኛው ስልኩ ላይ ሪስፕ፣ ፕሪዘርቭ፣ ሶፋ፣ ሮክስ እየተባሉ ከተደረደሩት ስኮሮች የትኛውን ልሙላ ብሎ የሚቸገረው ሐኪም ወይም ነርስ ነው። ሁለተኛው አቅሙ ኖሮት ታማሚውን ኤክሞ ወዳለበት አገር ልውሰድ ወይስ ልተው በሚል ምርጫ የተያዘ ቤተሰብ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኤክሞ ደምን ብዙውን ጊዜ ከጭን ትልቅ የደም መልስ ቧንቧ ስቦ፣ ኦክስጅን በሚያስገባና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚያወጣ ስስ ሽፋን ውስጥ አሳልፎ፣ በአንገት በኩል ወደ ልብ አቅራቢያ ይመልሳል። ሳንባን አያድንም፤ ሳንባው እስኪያገግም ጊዜ ይገዛል እንጂ። በ2009 በእንግሊዝ የታተመው የሴዛር ጥናት 180 ታማሚዎችን ይዞ ነበር፤ ኤክሞ ወዳለበት ማዕከል ከተላኩት 63 ከመቶው፣ ባሉበት ከታከሙት 47 ከመቶው ከ6 ወር በኋላ ያለ ከባድ የአካል ጉዳት በሕይወት ተገኝተዋል። በ2018 የታተመው ኢዮልያ የተባለው ጥናት በ249 ታማሚዎች ላይ የ60 ቀን ሞት 35 ከመቶ በኤክሞ፣ 46 ከመቶ ያለ ኤክሞ መሆኑን ቢያሳይም ልዩነቱ ከአጋጣሚ ውጭ ነው ለማለት የሚያስችለውን የስታቲስቲክስ ድንበር አልተሻገረም። በመሣሪያው ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካለ፣ መሣሪያው ላይ ስለሚተኛው ሰው የሚነገር መቶኛ በጥንቃቄ መያዝ እንዳለበት ግልጽ ነው።

ከመምረጥ በፊት

አንድ ስኮር ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ከየትኞቹ ታማሚዎች እንደተወለደ ነው። ስኮር የተወለደበትን ሰው ይመስላል፤ ኤክሞ ላይ ከወጡት የተሠራ ስኮር ኤክሞ ላይ ስላልወጣው ሰው አይናገርም። ቀጥሎ የምጠይቀው ምን እንደሚተነብይ ነው፤ ከሆስፒታል በሕይወት መውጣትን፣ ከስድስት ወር በኋላ በሕይወት መገኘትን፣ ወይስ የመተንፈሻ ቱቦ የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን ብቻ? ሦስተኛው፣ የሚጠይቀውን ሁሉ በአልጋው ራስ መለካት እንችላለን ወይ የሚለው ነው፤ የደም ጋዝ (በደም ያለውን ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ) መመርመሪያው ካርትሪጅ ባለቀበት ሳምንት የግማሽ ስኮር ግምት ከመላ ምት አይሻልም። አራተኛው በእኛ አገር ከሁሉም የሚረሳው ሲሆን፣ ከፍታው ቁጥሩን ያዛባዋል ወይ የሚል ነው። በመጨረሻም ውጤቱ ታወቀ እንበል፤ ከዚያ በኋላ የምንወስነው ነገር ይለወጣል ወይ? ካልተለወጠ ስኮሩን መሙላት ለመዝገብ ብቻ ነው።

ሪስፕ

በ2014 የታተመው ሪስፕ ከዓለም አቀፉ የኤክሞ መዝገብ ከ2000 እስከ 2012 ከተሰበሰቡ 2,355 አዋቂዎች የተሠራ ነው፤ ከእነርሱ 57 ከመቶው ከሆስፒታል በሕይወት ወጥተዋል። 12 ነገሮችን ይጠይቃል፤ ሁሉም ታማሚው ኤክሞ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚታወቁ ናቸው። ነጥቡ ከኔጌቲቭ 22 እስከ 15 ሲደርስ፣ ከፍ ያለው ነጥብ የተሻለ ነው። 6 እና ከዚያ በላይ ያገኙት 92 ከመቶ፣ ከ3 እስከ 5 ያገኙት 76 ከመቶ፣ ከኔጌቲቭ 1 እስከ 2 ያገኙት 57 ከመቶ፣ ከኔጌቲቭ 5 እስከ ኔጌቲቭ 2 ያገኙት 33 ከመቶ፣ ከዚያ በታች የወረዱት 18 ከመቶ ተርፈዋል።

የደላንታውን ታማሚ እንውሰድ። ዕድሜው 34 ነው፤ ስለዚህ በዕድሜ ነጥብ አይቀነስበትም። ሕመሙ በቫይረስ የመጣ የሳንባ ምች በመሆኑ 3 ያገኛል። በቬንቲሌተር ላይ የቆየው 36 ሰዓት፣ ማለትም ከ48 ሰዓት በታች በመሆኑ ሌላ 3 ያገኛል። ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ስለተሰጠው 1 ይጨመርለታል። ድምሩ 7 ነው፤ የወንድሙ ልጅ 92 ከመቶ ያለው ከዚህ የመጣ ነው። አሁን ያው ሰው ምንም ሳይለወጥ ለስምንት ቀን በቬንቲሌተር ቢቆይና ከዚያ በኋላ ኤክሞ ቢፈለግለት፣ በቆይታው የሚያገኘው 3 ነጥብ ይጠፋና ድምሩ 4 ይሆናል፤ ግምቱም ወደ 76 ከመቶ ይወርዳል። ደሙ አሲድ በዝቶበት ባይካርቦኔት በደም ሥር ቢጀመርለት ሌላ 2 ይቀነስና ወደ 57 ከመቶው ክፍል ይገባል። ገንዘብ የሚሰበሰብበት፣ ፓስፖርት የሚወጣበት፣ ዘመድ የሚመካከርበት ሳምንት በሪስፕ ቋንቋ ሦስት ነጥብ ያስከፍላል ማለት ነው። ለቤተሰብ ይህን አስረድቶ መንገር ከመቶኛው ይልቅ ይጠቅማል እላለሁ።

ከነጥቦቹ ሁለቱ ሊታወቁ ይገባል። አንጎል ላይ የደረሰ ጉዳት በአንድ ጊዜ 7 ይቀንሳል፤ ከባድ አስም ደግሞ 11 ይጨምራል። የአስም ታማሚ የሚቸገረው አየሩን በማስወጣቱ በመሆኑ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በመሣሪያ ከተወገደለት ብዙውን ጊዜ ያገግማል፤ የነጥቡ ትልቅነት ከዚህ የመጣ ነው።

የሪስፕ ትልቁ ጉድለት የተመረጡ ሰዎች ስኮር መሆኑ ነው። መዝገቡ ውስጥ የገቡት ሐኪሞች «ለኤክሞ ይሆናል» ብለው ያወጧቸው ብቻ ናቸው፤ አይሆንም የተባሉት ውስጡ የሉም። ስለዚህ «ኤክሞ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው» ለሚለው ጥያቄ ሙሉ መልስ አይሰጥም፤ ለኛ አገር የቬንቲሌተር ታማሚማ ጨርሶ መልስ የለውም። ደግ ጎንም አለው፤ ከ12ቱ መጠይቆች አንዱም የኦክስጅን መጠንን አይጠይቅም፤ ስለዚህም ከፍታ አያዛባውም ማለት ይቻላል።

ፕሪዘርቭ

ፕሪዘርቭ ከሪስፕ አንድ ዓመት ቀድሞ በ2013 ታትሟል፤ የሁለቱም ጥናቶች የመጀመሪያ ደራሲ ፈረንሳዊው ማቲዩ ሽሚት ናቸው። በሦስት የፈረንሳይ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ከታከሙ 140 ታማሚዎች የተሠራ ሲሆን የሚተነብየው ከስድስት ወር በኋላ በሕይወት መገኘትን ነው። የተጠኑት ጥቂት ናቸው፤ ጥያቄው ግን ከሪስፕ ይልቅ አስታማሚው ለሚጠይቀው ይቀርባል፤ አስታማሚ «ከሆስፒታል ይወጣል ወይ» ሳይሆን «ቤቱ ገብቶ ይኖራል ወይ» ነው የሚለው።

ስምንት ነገሮችን ይጠይቃል፤ እዚህ ከፍ ያለ ነጥብ መጥፎ ነው። እስከ 2 ያገኙት 97 ከመቶ፣ 3 እና 4 ያገኙት 79 ከመቶ፣ 5 እና 6 ያገኙት 54 ከመቶ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ያገኙት 16 ከመቶ ተርፈዋል። የሚገርመው ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው መለኪያው (ቢኤምአይ) ከ30 በላይ የሆነ ወፍራም ሰው 2 ነጥብ ይቀነስለታል፤ ይህ ብዙ ተማሪዎቼን ያሳቀ ነገር ነው። የበለጠ ቁም ነገር ያለው ግን ታማሚው ኤክሞ ላይ ከመውጣቱ በፊት በሆዱ ካልተኛ 1 ነጥብ መጨመሩ፣ ፒፕ (ትንፋሽ ሲወጣ ቬንቲሌተሩ ሳንባ ውስጥ የሚያስቀረው ግፊት) ከ10 በታች ከሆነ 2፣ የሳንባ ግፊቱ ከ30 በላይ ከሆነ ደግሞ 2 መጨመሩ ነው። እነዚህ ሦስቱ ዕድሜን ወይም የበሽታ ዓይነትን የሚመስሉ የማይለወጡ ነገሮች አይደሉም፤ በእኛ እጅ ያሉ ናቸው። ኤክሞ በሌለበት ቦታ ፕሪዘርቭን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ውጤቱን ለትንበያ ሳይሆን «ምን አላደረግንም» ለሚለው ዝርዝር እጠቀምበታለሁ።

በሆድ ማስተኛት ኤክሞ አይጠይቅም። በ2013 የታተመው ፕሮሴቫ የተባለው ጥናት በ466 ታማሚዎች ላይ የ28 ቀን ሞት ከ33 ወደ 16 ከመቶ ገደማ መውረዱን አሳይቷል፤ በአንድ ጊዜ ቢያንስ 16 ሰዓት በሆድ ማስተኛት ነበር ዘዴው። የሚያስፈልገው አራት አምስት ሰው፣ ለደረትና ለዳሌ የሚሆን ትራስ፣ ቱቦውን ይዞ የሚቆም አንድ ሰው፣ የልብ ምት መከታተያውን ኤሌክትሮድ ወደ ጀርባ ማዞር፣ ፊቱን በየሁለት ሰዓቱ ወደ ሌላው ጎን መለወጥ ነው።

ሌሎቹ የኤክሞ ስኮሮች

በ2013 የታተመው ኤክሞኔት በ2009ኙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በጣሊያን ከታከሙ 60 ታማሚዎች የተሠራ ነው፤ የኩላሊትንና የጉበትን ምርመራ፣ የደም ግፊትንና ከኤክሞ በፊት የሆስፒታል ቆይታን ይመለከታል። ከወረርሽኝ ውጭ ለሚመጣ ታማሚ መጠቀሙን አልመክርም። በ2017 የታተመው ፕሪሴት የደም ግፊትን፣ ላክቴትን፣ የደም አሲድነትን፣ ፕሌትሌትንና የሆስፒታል ቆይታን ብቻ ስለሚጠይቅ ለመሙላት ቀላል ነው፤ የተሠራው ግን ከ108 ታማሚዎች ነው። ሁለቱም በሪስፕ ላይ ብዙ አይጨምሩም።

ከፍታው

ወደ ሶፋና ሮክስ ከመሄዳችን በፊት እዚህ ቆም ማለት አለብን፤ በሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፉት ነገር ለወሎ ዋናው ስለሆነ ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ 760 ሳይሆን ወደ 565 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። በዚህ ግፊት ጤነኛ ሰው ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ሲተነፍስ የደም ቧንቧው ኦክስጅን ግፊት በ60ዎቹ ውስጥ ይሆናል። ይህን በአየር ውስጥ ላለው የኦክስጅን ድርሻ፣ ማለትም ለ0.21 ስናካፍለው 300 ገደማ ይመጣል። በ2012ቱ የበርሊን ትርጓሜ መሠረት ደግሞ 300 እና ከዚያ በታች የሳንባ ውድቀት መነሻ ነው። ይህን ምጣኔ ብቻ ለሚያይ ሰው፣ በፒያሳ ዳገቱን የሚወጣው የደሴ ጤነኛ ሰው የበሽተኛ ደጃፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ማረሚያው ቀላል ነው፤ የመቁረጫ ቁጥሮቹን (የሕመሙን ደረጃ የሚለዩትን 300፣ 200 እና 100) በ565 ለ760 ምጣኔ፣ ማለትም በ0.74 ማባዛት ነው። 300 ወደ 223፣ 200 ወደ 149፣ 100 ወደ 74 ይወርዳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ከፍ ያለ፣ የሚወርደውም ያነሰ ነው፤ በ35 ደቂቃ መንገድ ልዩነት አንድ ታማሚ በሁለት ደረጃ ሊመደብ ይችላል። አንዳንድ ባልደረቦች የመቁረጫውን ትተው የታማሚውን ቁጥር በ0.74 ያባዛሉ፤ ይህ ግን ጤነኛውን ጭራሽ ታማሚ ያደርገዋል።

ሶፋ

ሶፋ በ1996 የተዘጋጀ ሲሆን ስድስት የሰውነት ክፍሎችን፣ ማለትም ሳንባን፣ ልብና ደም ግፊትን፣ ጉበትን፣ ኩላሊትን፣ የደም መርጋትንና አንጎልን ከ0 እስከ 4 ይመዝናል፤ ድምሩ እስከ 24 ይደርሳል። ለሳንባ ብቻ የተሠራ ባለመሆኑ ለኤክሞ ታማሚ የሚሰጠው ትንበያ ከሪስፕ ይደክማል። ሆኖም ቬንቲሌተር ላይ ላለ፣ ኤክሞ ለማያገኝ ታማሚ ከሁሉም የሚሻለው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም በየቀኑ ሊደገም ይችላል። በመጀመሪያው 48 ሰዓት ውስጥ ሶፋው እየጨመረ የሄደ ታማሚ ቢያንስ 50 ከመቶ የመሞት አደጋ እንዳለው በ2001 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ አንድ ጊዜ ከተለካው ቁጥር ይልቅ አካሄዱ ይናገራል። የሳንባው ነጥብ ግን ከላይ ያልነው የከፍታ ችግር አለበት፤ ሳይታረም ከተሞላ ለጤነኛ የደሴ ሰው እንኳ ቢያንስ አንድ ነጥብ በነጻ ይጨምራል።

ሮክስና ዩቪኤ

ሮክስ የሚሰላው ሳቹሬሽኑን (ጣት ላይ የሚለካውን የደም ኦክስጅን መቶኛ) ለሚሰጠው የኦክስጅን ድርሻ፣ ውጤቱን ደግሞ በደቂቃ ለሚተነፍሰው ብዛት በማካፈል ነው። ሳቹሬሽን 88፣ ኦክስጅን 0.6፣ ትንፋሽ 34 ከሆነ 4.31 ይመጣል። 4.88 እና ከዚያ በላይ ጥሩ፣ በ12ኛው ሰዓት ከ3.85 በታች መጥፎ ነው፤ በመካከል ያለው እንደገና የሚለካ ነው። የሚተነብየው ቱቦ ማስፈለጉን እንጂ ሞትን አይደለም፤ የተሠራውም በአፍንጫ በኩል ከፍተኛ ፍሰት ለሚያገኙ ነው። ከረጢት ባለው ማስክ ላይ ያለ ታማሚ የሚያገኘው የኦክስጅን ድርሻ በትክክል ስለማይታወቅ፣ በሲሊንደር ብቻ በሚሠራ ክፍል ሮክስን ሲሞሉ መላ ምት መግባቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ትንፋሹን ሙሉ ደቂቃ በሰዓት ይቁጠሩ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት 30ውን 34 ሊያደርገው ይችላል።

ዩቪኤ በ2017 የታተመ ሲሆን ከሰሃራ በታች ባሉ ስድስት አገሮች ሆስፒታል ከገቡ 5,573 ታማሚዎች የተሠራ ነው፤ ኢትዮጵያ ከስድስቱ ውስጥ ባትኖርም ከአውሮፓ ስኮሮች ለእኛ ይቀርባል። የሚጠይቀው ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊት፣ ሳቹሬሽን፣ የንቃት ደረጃና ኤችአይቪ ብቻ ነው፤ ላቦራቶሪ አይፈልግም ማለት ይቻላል። ሳቹሬሽን ከ92 በታች ሲሆን 2 ነጥብ ይሰጣል፤ በደጋው ወረዳ የሚኖር ጤነኛ ሰው እዚያ ድንበር አጠገብ ስለሚውል ይህን ነጥብ ብቻውን አያምኑት።

በሠንጠረዥ ሲታይ

| ስኮር | የሚተነብየው | የሚጠይቀው | ጥሩ የሆነው ነጥብ | ከፍታ ያዛባዋል? | የሚሆነው ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ሪስፕ | ከሆስፒታል በሕይወት መውጣት | የደም ጋዝና የቬንቲሌተር ንባብ | ከፍ ያለው | በጥቂቱ | ወደ ኤክሞ ማዕከል ለሚላክ |
| ፕሪዘርቭ | ከ6 ወር በኋላ መኖር | የቬንቲሌተር ንባብ፣ ሶፋ | ዝቅ ያለው | በሶፋው በኩል | ለሪፈር ውሳኔና ያልተደረገውን ለመፈተሽ |
| ኤክሞኔት | በኢንፍሉዌንዛ መትረፍ | ላቦራቶሪ | ዝቅ ያለው | አያዛባውም | በወረርሽኝ ጊዜ |
| ሶፋ | የአካል ክፍሎች ውድቀት | ላቦራቶሪ፣ የደም ጋዝ | ዝቅ ያለው | አዎ | ለዕለት ክትትል |
| ሮክስ | ቱቦ ማስፈለግ | ሳቹሬሽን፣ ሰዓት | ከፍ ያለው | አዎ | ቬንቲሌተር ከመጀመሩ በፊት |
| ዩቪኤ | በሆስፒታል መሞት | የአልጋ ራስ ልኬት | ዝቅ ያለው | በሳቹሬሽኑ በኩል | ላቦራቶሪ ለሌለበት ሆስፒታል |

ለማን የትኛው

የደም ጋዝና ቬንቲሌተር ያለው ክፍል ሶፋን በገቡበት ሰዓትና በ48ኛው ሰዓት ይሙላ፤ የሳንባውንም መቁረጫ በ0.74 ያርም። ቤተሰቡ ለውጭ ሕክምና አቅም ካለው፣ ሪስፕና ፕሪዘርቭ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ይሞሉ፤ በሰባተኛው ቀን ከሆነ ብዙ ማዕከል ስለማይቀበል ጊዜው አልፏል፤ የኢዮልያ ጥናትም ሰባት ቀን የሞላቸውን አልተቀበለም።

የደም ጋዝ የሌለው ሆስፒታል ሳቹሬሽኑን ለኦክስጅን ድርሻ አካፍሎ መጠቀም ይችላል፤ በ2016 የወጣው የኪጋሊ ማሻሻያ 315 እና ከዚያ በታችን መቁረጫ አድርጎታል። በእኛ ከፍታ ይህም ስለሚዛባ ሮክስን በየስድስት ሰዓቱ ደጋግሞ አካሄዱን መከተል ይሻላል። ቬንቲሌተርም የሌለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ዩቪኤን ይጠቀም፤ ከ4 በላይ ከሆነ ሪፈር ወረቀቱ ሌላ ስኮር አይጠብቅ።

ቤተሰብ ደግሞ ወደ ኤክሞ ማዕከል ሲደውል ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ማዕከሉ በዚህ ዓመት ስንት ታማሚ ኤክሞ ላይ አውጥቷል፣ ስንቱ ተረፈ፣ የየቀኑ ክፍያስ ስንት ነው? ኤክሞ ቀናት ብቻ ሳይሆን ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል የአንድ ቀን ዋጋ ሰምቶ መነሳት ቤት ያስሸጣል። በቬንቲሌተር ላይ ያለ ሰው በመንገደኛ ወንበር አይሄድም፤ የራሱ ሐኪምና መሣሪያ ያለው የአምቡላንስ አውሮፕላን ያስፈልጋል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን ያህል ሊወርድ መቻሉ ግን ደሴ ለተኛ ታማሚ ከለመደው የከፋ አይደለም፤ ስጋቱ ከዚያ ይልቅ የ400 ኪሎ ሜትሩ የአዲስ አበባ መንገድና የሲሊንደሩ ማለቅ ነው።

ለደላንታው ታማሚ የውጭ ሕክምና የሚታሰብ አልነበረም። ማምሻውን በሆዱ አስተኛነው፤ ሲገባ 9 የነበረው የታረመ ሶፋው በ48ኛው ሰዓት 6 ሆነ። በር ላይ ለሚጠብቁት አዛውንት «አባቴ፣ ቁጥሩ ወርዷል» አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ ያኛው 92 ነበር፤ ወደ 6 ወረደ ነው የምትለኝ?» አሉ። የሰነድ ወረቀቱን ገልብጬ ሁለት ዓምድ ሠራሁና በአንደኛው ላይ ወደ ላይ፣ በሌላው ላይ ወደ ታች የሚያሳይ ቀስት ስዬ አሳየኋቸው። በዚህኛው የሚፈለገው መውረዱ መሆኑን ሲያዩ ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞረው «አብሽር» አሉት፤ ከዚያም ነገ ጠዋት ስንት እንደሚሆን መጥተው እንደሚጠይቁኝ ነግረውኝ ሄዱ።